የኋላሸት ከስሟ ላይ ስትነሳ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ የኋላሸት የምትባል ሴት አንዲት ብቻ ቀርታለች። ይህን ያለችው ራሷ የኋላሸት ናት፤ አጣርታዋለች። ያጣራችውም ሰው እየጠየቀች አይደለም። ገበያ መሐል ቆመች፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች፣ ሌላ ሰው የጠራ አስመስላ «የኋላሸት!» ብላ ጮኸች። ድሮ እንዲህ ሲባል አምስት ራስ ይዞር ነበር። ያን ቀን ግን የዞረ ራስ የለም። አንድ አህያ ብቻ ቀና ብሎ አያትና ወደ ገለባው ተመለሰ።

«ዋሲላ፣ አለቅሁ!» አለች ስትመለስ።

ዋሲላ ጎረቤቷ ናት። የኋላሸት በደሴና በወልድያ መንገድ ዳር ቆሮሶ የሚባለውን የሐይቁን አሳ እየጠበሰች ለሾፌርና ለመንገደኛ ትሸጣለች፤ ዋሲላ ከጎኗ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ትቸረችራለች። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ተቀምጠዋል። አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

«ምነዋ፣ አመመሽ?» አለች ዋሲላ።

«እኔስ ደህና ነኝ። ስሜ ነው የሚሞት።»

«ኢናሊላሂ! መቼ ነው ቀብሩ?»

«ሳቂ አንች! ያንችን የልጅ ልጅ ስም በየበሩ ይጠሩታል፤ የኔን አንድ አህያ ብቻ ያውቀዋል።»

የልጅ ልጅ የተባለችው ሪታጅ ናት። የሪታጅ ነገር ይመጣል፤ መጀመሪያ ግን የኋላሸት ስሟን ከየት እንዳመጣችው ይነገር። ስትወለድ አብሯት የመጣ አይደለምና።

የኋላሸት ስትወለድ ዘቢደር ነበረች። በአሥራ ስምንት ዓመቷ አምባሰል ውስጥ ለዝናው ተዳረች። ዝናው የሰባት ልጆች መጨረሻ ነው፤ ስድስቱ አግብተው ሲወልዱ እሱ በሠላሳ ዓመቱ ገና ዋሽንት ሲነፋ የተገኘ ሰው ነው። እናቱ እመት አሰጋሽ ደግሞ በቀበሌው የታወቁ ቁጡ ነበሩ። ውሻ እንኳን እሳቸው ግቢ ውስጥ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚጮኸው ይባል ነበር። በአገሩ ወግ ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ያወጡላታል። እመት አሰጋሽም ልጅቱን ከእግር እስከ ራሷ አዩና፣

«ስምሽ ከዛሬ ጀምሮ የኋላሸት ነው» አሉ። «ይኸ ልጄ እርሻው ሁሉ ታጭዶ ካለቀ በኋላ ጥግ ላይ እንደቀረች ለምለም እሸት ነው ያገኘሽ። የፊተኛውን እሸት ሰው ሁሉ ይበላዋል፣ ማንም አያመሰግነውም። የኋላውን ያገኘ ግን አፉን እየጠረገ እግዜርን ያመሰግናል።»

ይህ ከእመት አሰጋሽ አፍ በዕድሜያቸው የወጣ ብቸኛ ለስላሳ ንግግር ነው ይላል ዝናው። ልጅቱ ሰማችው፣ ወደደችው፣ ዘቢደርን ያን ዕለት ጥላት ሄደች።

ወጉ ግን በዚህ አያበቃም። ስም የወጣላት ሙሽራ በተራዋ ለባሏ ዘመዶች ሁሉ የማክበሪያ ስም ታወጣለች። የኋላሸት የባሏን አባት «ጋሻዬ»፣ ትልቁን የባሏን ወንድም «ጥላዬ»፣ ተከታዩን «መከታዬ» እያለች ወረደች። እመት አሰጋሽ ጋ ስትደርስ ስሙ አለቀባት። ቀና ብላ ፊታቸውን አየች። ኮሶ የጠጣ ሰው ፊት ነው። ከየት እንደመጣባት ሳታውቅ፣

«ማሬ» አለች።

ሰው ሁሉ ዞሮ እመት አሰጋሽን አየ። ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ሁለተኛው ሳቀ፣ ነገሩ አበቃ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀበሌው የሚፈሩት ሴትዮ ማሬ ሆኑ። ስማቸው ማር ከሆነ በኋላ ፊታቸውም ቀለጠ ቢባል ደስ ይል ነበር፤ አልቀለጠም። ግን ስሙ ከመጣበቁ ብዛት፣ ሲሞቱ ለፋፊው «እመት አሰጋሽ አረፉ!» ቢል ሰው «ነፍስ ይማር፣ የየት አገር ሰው ናቸው?» እያለ እርሻውን ማረሱን ቀጠለ። አንዷ ሴት «ኧረ ማሬ ናት!» ብላ ስትጮህ ነው አገሩ በለቅሶ የተናጠ።

ሙሽራዋ የገባችበት ዓመት እህሉ ጥሩ ሆነ። «የሙሽራዋ ስም ገድ አለው» ተባለና ሦስት ቤት የተወለዱ ሴቶች የኋላሸት ተባሉ። የኋላሸትና ዝናው አሳ ሊያጠምዱ ሐይቅ ሲወርዱ ስሙም ተከትሎ ወረደ። መጨረሻ የተወለደች፣ ዘግይታ የተገኘች፣ ሁሉ የኋላሸት! ገበያው ውስጥ ያ ስም የተጠራ ቀን ቅርጫት ይገለበጥ ነበር።

ከዚያ ስሙ እንደ አሮጌ ጃንጥላ በየጥጉ ተጣለ። አንዷ የኋላሸት ደሴ ገብታ «የሺ» ሆነች። አንዷ አረብ አገር ሄዳ «ሻሻ» ሆና ተመለሰች፤ አፏ ውስጥ አንድ የወርቅ ጥርስ፣ ስሟ ውስጥ አንድም እሸት የለም። አንዷ ሞተች፣ ነፍሷን ይማር። አንዷ የልጆቿ እናት ብቻ ሆነች። ቀረች ይህችው፣ መጥበሻ ይዛ መንገድ ዳር።

በስሙ ወንበር ላይ ማን መጣ? ሪታጅ!

የዋሲላ ልጅ ሙስዓብ ከጂዳ ተመልሶ አግብቶ ሴት ልጅ ሲወልድ፣ በሰባተኛው ቀን በግ ታርዶ ስሟ ሪታጅ ተባለ። የኋላሸት ሽንኩርት እየላጠች ሰማች።

«ምን ማለት ነው እሱ ደግሞ?»

«በር ማለት ነው አሉ። ትልቅ በር።»

«አይ ዋሲላ! ልጅን በር ብሎ መጥራት ምን የሚሉት ነው? የሚቀጥለዋን መስኮት ልትሏት ነው?»

«የካዕባ በር እኮ እንዲያ ይባላል ይላል ሙስዓብ።»

«እሱስ ይከበር» አለች የኋላሸት ፈጥና። «እኔ የልጅቷን ነው።»

«አንችስ እሸት ተብለሽ የለ? በር ቢያንስ አይበላም!»

በዓመት ውስጥ ሪታጅ ሐይቅን ሞላው። የባጃጁ ሪታጅ፣ የፎቁ ሪታጅ፣ ሪታጅ ትልቋ፣ ሪታጅ ትንሿ አሉ። ትልቋ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ትንሿ ግን በቁመት ትበልጣታለች፤ ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው በሰፈሩ የለም።

የኋላሸት ሳቀች፣ አሾፈች፣ በሆዷ ግን አረረች። እናም በአንድ የመስከረም ወር ግሸን ማርያም ወጥታ ተሳለች። «ስሜን የምትይዝልኝ አንዲት ሴት ስጭኝ፤ ጃንጥላ አስገባለሁ» አለች። ዋሲላ ስትሸኛት፣ «ለኢንሳፌም አንድ ቃል ጣይላት» ብላት ነበር። ኢንሳፍ የዋሲላ ትልቋ ልጅ ናት፤ አሕመዲንን ካገባች አሥር ዓመቷ፣ ልጅ አልመጣም። የኋላሸት ለኢንሳፍም ጣለች። ቅድሚያ ለማን እንደለመነች ግን ለማንም አልተናገረችም፤ ትንሽ አፍራበታለች።

የኋላሸት ሴት ልጅ የላትም፤ ሦስት ወንዶች አሏት። ስለዚህ ስሙን የምታወርሰው ለምራቷ ነው። ሁለት ጊዜ ሞክራለች።

ትልቁ ልጇ ኃይለ ኢየሱስ ኮምቦልቻ የባንክ ሠራተኛ አገባ። የኋላሸት በቅልቅሉ ቀን ቆማ «ስምሽ የኋላሸት ነው» ስትላት ሙሽራዋ በትሕትና፣ «እማማ፣ እኔኮ ለቤታችን የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ ከክፍሌም አንደኛ ነበርኩ። እንዴት የኋላ እባላለሁ?» አለች። በዚያው ቀረ።

ሁለተኛው ልጇ ዝናቡ አዲስ አበባ አገባ። የሱ ሚስት እሺ አለች። ስሙ ሦስት ሳምንት ቆየ። ከዚያ ዝናቡ ለእናቱ ደወለ።

«እማዬ፣ አልቻልኩም።»

«ምኑን?»

«ከሷ ጋር መጣላት። ልቆጣ አፌን ስከፍት የኋላሸት ማለት አለብኝ። የኋላሸት ስል አንች ከፊቴ ትደቀኛለሽ፣ መጥበሻ ይዘሽ። ከእናቴ ጋር የተጋባሁ መሰለኝ እኮ!»

የቀረው ሦስተኛው ልጇ፣ እንዳለ የሚባለው ነው። ባጃጅ ነጂ፣ ሳቂታ፣ «የት ነህ?» ሲባል ሁልጊዜ «ደርሻለሁ» የሚል ልጅ። የኋላሸት የመጨረሻ ዕድሏን በዓይኗ ትከታተለው ጀመር። ማን ይዞ ይመጣ ይሆን?

እሱ ግን አላመጣም፤ እሷ አገኘችለት። ነገሩ እንዲህ ነው። ዋሲላ ጉልበቷን አሟት የልጅ ልጇን ሪታጅን ለክትባት የምታደርስላት አጣች። የኋላሸት ሕፃኗን ታቅፋ በእንዳለ ባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄደች። አግዳሚ ወንበሩ ላይ እናቶች ተደርድረዋል። አንዲት ቀጭን ነርስ ካርድ ይዛ ወጣችና፣

«ሪታጅ!» አለች።

ዘጠኝ ሴቶች ተነሱ።

«ቁጭ በሉ እስቲ። ሪታጅ ሙስዓብ!»

ሁለት ተነሱ፤ አንዷ የኋላሸት።

«ሪታጅ ሙስዓብ... ጉንፋን ያለባት?»

ሁለቱም ሕፃናት እኩል አስነጠሱ። ነርሷ ካርዱን ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። የኋላሸት ይህን ሳቅ ወደደችው። ተራዋ ደርሶ ስትገባ፣

«የኔ እናት፣ እኔን ብትጠሪኝ ብቻዬን ነበር የምነሳ» አለቻት።

«ስምዎ ማን ነው?»

«የኋላሸት።»

ነርሷ መርፌውን ይዛ ቀረች። «የኋላ እሸት! እንዴት ያምራል! ምነው እንዲህ ያለ ስም ቀረ?»

በዚህች አንድ ቃል የኋላሸት ልቧ ቀለጠ። ሕፃኗ ስትወጋ ያለቀሰችው ልቅሶ አልተሰማትም። ነርሷ ማርታ ትባላለች፤ አላገባችም፤ ቤቷ እሩቅ ነው፤ በእግሯ ነው የምትመላለስ። ይህን ሁሉ የኋላሸት የጥጥ ቁራጭ እስኪጣል ድረስ ባለው ጊዜ ጠይቃ ጨረሰች። ውጭ ወጥታ፣

«እንዳለ!» አለች። «ከነገ ጀምሮ ያችን ሲስተር ማታ ማታ በነጻ ታደርሳለህ።»

«ምነው እማዬ፣ ምን አደረገችሽ?»

«ምንም። ስሜን አወቀችው።»

እንዳለ አደረሳት። በማግስቱም አደረሳት። በወሩ ጠዋትም ማምጣት ጀመረ። በዓመቱ ጥር ላይ ድንኳን ተተከለ።

የኋላሸት ከዚያ ጥር በፊት ሦስት ሌሊት አልተኛችም። ቀሚሷን፣ ንግግሯን፣ የምትቆምበትን ቦታ ሁሉ አሰናዳች። በቅልቅሉ ቀን ከጠዋት ጀምሮ የድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆመች። ማንም ሳትመረምረው አልገባም። ስጦታ የያዘውን አቅፋ አስገባች፣ ባዶ እጁን የመጣውንም አቅፋ አስገባች፣ ግን ጆሮው ላይ አንድ ነገር ብላው ነው። ጫማው ጭቃ የነካውን መለሰች። የባሏን የዝናውን አጎት ሳይቀር «ኮፍያዎን» አለቻቸው።

ምሳ ተበልቶ፣ ኦርጋን የሚመታው ልጅ የአምባሰልን ዜማ ጀምሮ መሐል ላይ ሲጠፋበት፣ የኋላሸት ተነሳች። ማርታ ፊቷ ተንበረከከች።

«ልጄ» አለች የኋላሸት። «ስምሽ ከዛሬ ጀምሮ የኋላሸት ነው!»

እልል ተባለ። ማርታ ጉልበቷን ስማ ቀና አለች።

«እማማ፣ ወድጄ ተቀብያለሁ። ግን እርስዎ ሳይነሱ እኔ የት ልቀመጥ?»

«ወንበር አምጡላት!» አለ ዝናው ከጥግ። አንዱ ላስቲክ ወንበር ይዞ ሮጠ።

«እሱን አይደለም አባባ» አለች ማርታ እየሳቀች። «ስሙን ነው። ስምም እንደ ወንበር ነው እኮ። እማማ ስሙን ለዝናቡ ሚስት ሰጥተዋት ነበር፤ ግን ከላዩ አልተነሱም። አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው! እሷም ተጨንቃ ተነሳች፣ ዝናቡም ተጨነቀ። ከሰጡኝ የእኔ ይሁን። እርስዎ ደግሞ እኔ በማወጣልዎ ስም ይጠሩ። ወጉ እንደዚያ አይደል?»

የኋላሸት ወደ ዝናው ዞረች። አርባ ዓመት ሙሉ የወጉን አንዱን ጎን ብቻ ነበር የምታስታውሰው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙሽሮች የከተማ ልጆች ስለሆኑ ሌላውን ጎን አያውቁትም ነበር። ይህች ግን ታውቃለች።

ከጥግ ዝናው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ማሬ! ማሬን አትረሽም መቼም!»

የኋላሸት ወዳጇን ፍለጋ ዞረች። «ዋሲላ፣ አንች በይኝ እንጂ!»

«ወላሂ ልጅቱ ወግ አዋቂ ናት» አለች ዋሲላ ሚሪንዳዋን እየጠጣች። «ስሜ ሞተ እያልሽ ስንት ጊዜ ጆሮዬን በላሽው። እነሆ ወራሽ መጣች። ወራሽ ደግሞ ባለቤቱ ቁጭ ብሎ እያየው አይወርስም።»

የኋላሸት ማርታን አየች፣ ዋሲላን አየች። አንድ ነገር አሁን ነው የገባት፤ ስሙ እንዲኖር ትፈልጋለች፣ ግን እሷ ላይ እንዲኖር ነበር የምትፈልግ። የአሳ ቤቷን ታፔላ አሰበችው፤ «የኋላሸት አሳ ቤት» ይላል፣ እንዳለ በቀይ ቀለም የጻፈው። እመት አሰጋሽን አሰበቻቸው፤ እንደዚያ ቁጡ ሆነው ሳለ ስማቸውን በአንድ ቀን ጥለው ማሬ ሆነው የሞቱትን።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «ተነስቻለሁ። ግን አደራ፣ ደህና ስም አውጭልኝ።»

በሆዷ «ወርቄ» ትለኝ ይሆናል፣ «እናታለም» ትለኝ ይሆናል፣ ብላለች። ማርታ አየቻት፤ ከዚያ ዞር ብላ የድንኳኑን መግቢያ አየች፤ እንደገና አየቻት።

«ሪታጅ» አለች።

የዋሲላ ሚሪንዳ በአፍንጫዋ ወጣ።

«ምን?» አለች የኋላሸት።

«ሪታጅ። በየሳምንቱ ሃያ ጊዜ ስለምጠራው ትርጉሙን ጠይቄ አውቄዋለሁ። ትልቅ በር ማለት ነው። የዚህ ቤት በር እርስዎ ነዎት። ከጠዋት ጀምሮ ሳይመረምሩት የገባ ሰው የለም። እኔም የገባሁት በእርስዎ ነው፤ ያን ቀን ጤና ጣቢያው ውስጥ ባያገኙኝ የት ነበርኩ?»

ከሳቁ ብዛት የድንኳኑ አንድ ገመድ ተፈታ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ግንባራቸውን ቋጥረው፣ «የክርስቲያን ሴት ሪታጅ ትባላለች?» አሉ። የኋላሸት የንስሐ አባት መምሬ የሚግጡትን አጥንት አስቀመጡና፣ «በሰማይ ቤት የምትጠራው በክርስትና ስሟ ነው፤ እሱ አልተነካም። በምድር የሚጠሯት አሳ የሚበሉ ናቸው፤ አሳው ደህና ከሆነ ምን ቸገራቸው?» ብለው አጥንቱን መልሰው አነሱ።

«እንግዲህ እኔን ደግሞ በስተርጅና ልጅ አገባ በሉኝ!» አለ ዝናው። ዋሲላ ተነስታ፣ ጉልበቷ መታመሙን ረስታ፣ እልልታውን አቀለጠችው። ያን ያህል የተሾፈባት ስም ዛሬ ተበቀለላት።

ከዚህ በኋላ ወጉ ይከበርና አማቲቱ ሪታጅ፣ ነርሷ የኋላሸት ትባል።

መጀመሪያ ወራት ሪታጅ ተቸገረች። ሾፌሩ ከመኪናው ሳይወርድ «እትዬ የኋላሸት፣ አንድ ቆሮሶ!» ሲል ምላሷን ትነክሳለች። «የኋላሸት ጤና ጣቢያ ናት፤ መርፌ ከፈለግህ ሂድ። አሳ የምጠብስ እኔ ነኝ፣ ሪታጅ እባላለሁ» ትላለች። ሾፌሩ ይስቃል፣ ወልድያ ደርሶ ያወራል፣ ሌላው ለማየት ይመጣል። ታፔላውን እንዳለ አስተካከለው፤ ቀለሙ ስላነሰው «ሪታጅ» ከ«አሳ ቤት» በግማሽ ያነሰ ሆነ።

የሰፈሩ ሪታጆች ደግሞ ተሰብስበው መጡ። ሪታጅ ትልቋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣

«አንች ስንተኛዋ ነሽ?» አለቻት።

«እኔ? ሪታጅ ዋናዋ!»

«አይደለሽም። ሪታጅ አሮጊቷ ነሽ።»

ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጅቶ በአንድ ሰሃን የአሳ ጥብስ «ሪታጅ ዋናዋ» ተብሎ ጸደቀ። ልጆቹ ግን አሳው ሲያልቅ ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ።

አንድ ከሰዓት ዝናው መረቡን ሲያደርቅ እሷ ሐይቁ ዳር ወረደች። ዙሪያዋን አየች። ሰው የለም። አፏን በነጠላዋ ሸፍና «የኋላሸት!» አለች፣ ቀስ ብላ፣ እንደዚያ ቀን። ውሃው ዝም አለ። ዳር የቆመ አህያ፣ ያው የገበያው ነው መሰል፣ ቀና ብሎ አያት።

«እኔ አይደለሁም» አለችው። «እሷ ሥራ ላይ ናት።»

ያን ቀን ነው የእውነት የተነሳችው።

በሰኔ አጋማሽ ዋሲላ ገና ሳይነጋጋ በሩን ደበደበች። «ሪታጅ! ሪታጅ!»

«የትኛዋን ነው?»

«አንችን ነው እንጂ! ኢንሳፌ ወለደች! ሴት!»

ኢንሳፍ በአርባ አንድ ዓመቷ ማርገዟን እስከ ስድስት ወሯ ለማንም አልነገረችም ነበር፤ እርግዝና ተብሎ ስሙ ከተጠራ ይበራል ብላ ፈራች። ምጡ ሁለት ቀን ፈጀ። ሁለቱንም ቀን እጇን ይዛ ያልለቀቀቻት ነርሷ የኋላሸት ናት፤ ተረኛ ባልሆነችበት ሌሊት እንኳን ጋቢ ተከናንባ አጠገቧ አደረች። በሰባተኛው ቀን አሕመዲን በጉን አርዶ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ «ስሟ ማን ይሁን?» ሲባል ሙስዓብ ከጂዳ ያመጣቸውን ሦስት ስሞች ከስልኩ አነበበ። ኢንሳፍ አልሰማችውም።

«አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቄ ነው ያገኘኋት» አለች። «እርሻው ታጭዶ ካለቀ በኋላ። ያዋለደችኝንም ታውቋታላችሁ። የኋላሸት ናት።»

ሙስዓብ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሪታጅ ዋናዋ ወሬውን የሰማችው ምጣዱ ላይ ዘይት እያፈሰሰች ነበር፤ ሦስት ቆሮሶ አረረባት፣ አላዘነችም።

መስከረም ሲገባ ጃንጥላው ተገዛ። ሐር ነው፣ ቀይና ወርቃማ። ዘርፉን የገዛችው ዋሲላ ናት። «ግማሹ ስለት የኢንሳፌ ነው» ብላ ማንንም አላስከራክር አለች። ሪታጅም ያኔ ቅድሚያ ለማን እንደለመነች ተናዘዘችላት። ዋሲላ አሰብ አድርጋ፣ «አብሽሪ፣ ማርያም ቅደም ተከተሉን አስተካክላዋለች» አለች።

ወደ ግሸን የሚሄደው አውቶቡስ ከመነሳቱ በፊት ኢንሳፍ ልጇን ልታስከትብ ነበርና ሁለቱ አሮጊቶች አብረው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሪታጅ ጃንጥላውን እንደ ጦር ቀጥ አድርጋ ይዛ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ነርሷ ካርድ ይዛ ወጣች። አማቷን አይታ ፈገግ አለችና ካርዱን አነበበች።

«የኋላሸት አሕመዲን!»

ዋሲላ ወዳጇን በጎን አየቻት። ሪታጅ አልተነሳችም። ጃንጥላውን በሁለት እጇ ጨመቀች፣ ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አላለችም። ኢንሳፍ ልጇን ታቅፋ ብቻዋን ተነሳች፤ ሌላ አንድም ሰው አልተነሳም። ቀጥሎ ነርሷ ሁለተኛውን ካርድ ገለጠች።

«ሪታጅ!»

ሕፃን ያቀፉ አሥራ አንድ እናቶች ተነሱ፤ ከመሐላቸው አንዲት የስልሳ ዓመት ሴትዮ፣ ጃንጥላ ይዛ።